ቤተ ክርስቲያናችን ተከፈለች፣ የልብ ጓደኛዬም ከወጡት ጋር ሄደች

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ያደግኩባት ቤተ ክርስቲያን ባለፈው ዓመት ለሁለት ተከፈለች። ነገሩ የተጀመረው ለአዲሱ ሕንፃ በተዋጣው ገንዘብ ነው። አንዳንድ አባላት "ሒሳቡ ይታይ" አሉ። ሽማግሌዎቹ "አታምኑንም ማለት ነው?" ብለው ተቆጡ። ሁላችንም የምንወደው አንድ አገልጋይ ደግሞ ጠያቂዎቹን ደግፈሃል ተብሎ ከመድረክ እንዲርቅ ተደረገ። ነገር ነገርን እየወለደ ሄደ። በመጨረሻ ብዙ ሰው ወጥቶ ሌላ አዳራሽ ተከራየ።

ከወጡት አንዷ የልብ ጓደኛዬ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ዘምረናል። የሐሙስን ጸሎት የምንመራው ሁለታችን ነበርን። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አጠገቤ ያደረችው እሷ ናት። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ "ሰላም ነሽ?" "ሰላም" ተባብለን እንተላለፋለን።

የባሰው ይሄ ነው። እነሱ በወጡ ሰሞን የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ሰው "ከእኛ ዘንድ ወጡ፥ ዳሩ ግን ከእኛ ወገን አልነበሩም" የሚለውን ጥቅስ ለጠፈ። ሰው ሁሉ ከሥሩ "አሜን" ሲል እኔም "አሜን" ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ገና ከግሩፑ አልወጣችም ነበር። አየችው። ምንም ሳትል ወጣች።

አሁን ደግሞ በመጪው ወር ጠቅላላ ስብሰባ አለ። የወጡት "ከፋፋዮች" እንደሆኑና ከእነሱ ጋር ኅብረት እንደማይኖረን የሚገልጽ ወረቀት ተዘጋጅቷል። እያንዳንዳችን ፈርሙ ተብለናል። ባለቤቴ "ዝም ብለሽ ፈርሚ፣ ያንቺ ፊርማ ምን ይለውጣል?" ይለኛል። ብፈርም ጓደኛዬን ለሁለተኛ ጊዜ የገፋኋት ይመስለኛል። ባልፈርም ያደግኩበት ቤት ከሃዲ ሊለኝ ነው። እነሱ ጋ ልሂድ እንዳልል ደግሞ እነሱም በእኛ ላይ የሚያወሩት ቀላል አይደለም።

ጸልየናል፣ ጾመናል። ባሰበት እንጂ አልተሻለም። ሰሞኑን "አባታችን ሆይ" ስል "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ጋ ስደርስ አፌ ይያዛል። እናቴ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ትል ነበር። እምነቴ ሞቷል ማለት ነው? ምን ላድርግ?

ልቤ የተከፈለብኝ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ሲሞት ይለቀሳል፤ ሰውም ይመጣል፣ ያጽናናል። ጓደኛ በሕይወት እያለ ሲታጣ ግን ማንም ለቅሶ አይደርስሽም። ለአንድ ዓመት ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ መቆየትሽ ያሳዝናል።

የመጨረሻ ጥያቄሽን ላስቀድም። እምነትሽ አልሞተም። እምነቱ የሞተበት ሰው "አባታችን ሆይ"ን ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። አንቺ ግን የምትይውን እየሰማሽው ነው። የእናትሽ ተረት እውነት አለው፤ ቂምና ጸሎት አብረው አይመቻቹም። ግን ተረቱ ከጸሎት የሚያርቅሽ ከሆነ እዚህ ጋ አልስማማም። ቂሙን ሌላ የት ልትወስጂው ነው? በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ አንድ ሰው እንዲህ ሲል ያለቅሳል፦ የሰደበኝ ጠላት ቢሆን በቻልኩት ነበር፤ አንተ ግን ጓደኛዬ ነህ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት አብረን እንሄድ ነበር። ልክ ያንቺ ታሪክ ነው። ይህን ያለው ደግሞ ከጸሎት ርቆ ሳይሆን እዚያው እየጸለየ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። አፍሽ ሲያዝ ፊትሽ ላይ የሚመጣው የማን መልክ ነው? የሽማግሌዎቹ? የጓደኛሽ? ወይስ ያቺ "አሜን" ብላ የጻፈችው አንቺ ራስሽ? ለእኔ መመለስ የለብሽም። ለራስሽ ግን መልሺው፤ ምክንያቱም ቀጣዩ እርምጃሽ በዚህ ይወሰናል። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ከሆነ በጣም የሚያምሽ የበደሉሽ ነገር ሳይሆን አንቺ የበደልሽው ነው።

"ጸልየን ባሰበት" ላልሽው፣ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተምሯል። ከሄደ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ መሆኑ ነው፣ የቀሎዔ ቤተ ሰዎች ወሬ አመጡለት። ምእመኑ "እኔ የጳውሎስ ነኝ"፣ "እኔ የአጵሎስ ነኝ"፣ "እኔ የኬፋ ነኝ" እየተባባለ ጎራ ለይቷል። አጵሎስ ከጳውሎስ በኋላ እዚያ ያስተማረ አገልጋይ ነው፤ ኬፋ ደግሞ ጴጥሮስ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የጳውሎስ አመላለስ ነው። የአጵሎስን ወገን ወይም የኬፋን ወገን አይደለም ያስቀደመው። "ጳውሎስስ ስለ እናንተ ተሰቀለን?" ብሎ በስሙ የሚምሉትን፣ የራሱን ደጋፊዎች ነው ያፈረሰው። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደግሞ አጵሎስ ወደ ቆሮንቶስ እንዲሄድ አጥብቆ እንደለመነው ይነግራቸዋል። ሕዝቡ በስማቸው ሲጣላ ሁለቱ ሰዎች አልተጣሉም ነበር።

ጳውሎስ ሌላም ጥያቄ ጠይቋቸዋል፦ "ክርስቶስ ተከፍሎአልን?" መልሱ አልተከፈለም ነው። እምነት ለዚህ ችግር የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ይመስለኛል። እናንተ ሁለት አዳራሽ ሆናችኋል፤ እሱ ግን ሁለት አልሆነም። ጓደኛሽ ያንን ቤት ለቅቃ ስትወጣ ከእሱ አልወጣችም። አንቺም ስለቀረሽ የበለጠ የእሱ አልሆንሽም። የኤፌሶን መልእክትም የመንፈስን አንድነት "ጠብቁ" ይላል እንጂ "ፍጠሩ" አይልም። ያላችሁን ነው የምትጠብቁት። ይህን በእውነት ካመንሽ ትከሻሽ ላይ ያለው ሸክም ግማሹ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያኒቱን መልሶ መስፋት ያንቺ ሥራ አይደለም። እጅሽ ላይ ያለውን ክር አለመበጠስ ግን ያንቺ ነው።

መጠበቁ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልቅ ሥራ እንዳልሆነም ልንገርሽ። ከጳውሎስ ደብዳቤ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ96 ገደማ፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን ለዚያችው ለቆሮንቶስ ሌላ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደደች። በቀሌምንጦስ ስም የሚታወቀው ደብዳቤ ነው። ቆሮንቶሶች ሽማግሌዎቻቸውን ከሥልጣን አውርደው እንደገና ተከፋፍለው ነበር። ደብዳቤው ጳውሎስ የጻፈላችሁን አንሥታችሁ አንብቡት ይላቸዋል። ስለዚህ ጸሎታችሁ ያልተሰማ አድርገሽ አትቁጠሪው። የቆሮንቶስ ሰዎች በሐዋርያው እጅ ተተክለውም እንደገና ተመክረዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ መንፈሳዊ ምክር ዘሎ ያልፋል፤ እኔ መዝለል አልፈልግም። ሒሳቡ ላይ ጉድለት ይኑር አይኑር አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። "ሒሳቡ ይታይ" ማለት ግን አለማመን አይደለም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ችግረኞች ገንዘብ ሲያሰባስብ ብቻውን አልያዘውም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ ተደረገ። ምክንያቱንም ራሱ ይናገራል፦ ስለዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ሐዋርያው እንዲህ ካለ የሕንፃ ኮሚቴ ቢጠየቅ ምን ነውር አለው?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይም ተመሳሳይ ማጉረምረም ነበር። ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ "መበለቶቻችን በዕለቱ እደላ ይዘለላሉ" አሉ። ሐዋርያት "አታጉረምርሙ፣ ጸልዩ" አላሏቸውም። ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። ብዙዎች እንደሚሉት፣ እኔም እንደማምነው፣ ተበድለናል ካሉት ወገን ሰው ወስደው ነው እደላውን በእጁ ያስቀመጡለት። ጸሎቱም አልቀረም፤ ሰባቱን ጸልየው እጃቸውን ጭነው ሾሟቸው። ጸሎቱና አሠራሩ አብረው ሄዱ። እናንተ ጋ ግን ጸሎቱ ኖሮ አሠራሩ የጎደለ ይመስለኛል።

ይህን የምነግርሽ ስብሰባ ላይ ተነሥተሽ እንድትከራከሪ አይደለም። ሒሳብ የጠየቁት ሰዎች እምነት ያጡ እንዳልሆኑ ልብሽ እንዲያርፍ ነው። ሽማግሌዎቹም ምናልባት ክፉ አይደሉም። ለዓመታት በነፃ ያገለገለ ሰው "ሒሳቡን አሳየን" ሲባል "ሌባ ነህ" የተባለ ይመስለዋል። የተጎዳ ሰው ደግሞ ቶሎ ይቆጣል። ሁለቱንም ወገን እንዲህ ማየት ከቻልሽ መሃል ላይ መቆም ትችያለሽ።

ወደዚያች "አሜን" ልመለስ። ጥቅሱ ያለው በአንደኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 2 ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ዝቅ ብለሽ አንብቢ። የሚናገረው ኢየሱስ ክርስቶስ እንደሆነ ስለሚክዱ ሰዎች ነው። ጓደኛሽ ያንን ክዳለች? አልካደችም። ታዲያ ጥቅሱ እሷን አይመለከትም፤ አንቺም ያልሽው "አሜን" ያለ ቦታው ነው የዋለው። እንግዲህ ቃልሽን አንሺው።

ይህን ማድረግ ይቻላል። የሮም ቤተ ክርስቲያን ልዑካንና የቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ እ.ኤ.አ. በ1054 ተወጋገዙ። ያ ውግዘት ለዘጠኝ መቶ ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛና ፓትርያርክ አቴናጎራስ በአንድነት ባወጡት መግለጫ ያ ውግዘት ከመታሰቢያ እንዲነሣ አደረጉ። ልብ በይ፤ በዚያ ቀን ሁለቱ አንድ ቤተ ክርስቲያን አልሆኑም፣ ዛሬም አልሆኑም። ልዩነታቸው አላለቀም። ግን አንዱ በሌላው ላይ የተናገረውን ክፉ ቃል አነሡ። አንቺም ጓደኛሽን ወደ ድሮው አዳራሽ መመለስ ላይጠበቅብሽ ይችላል። የተናገርሽውን ቃል ማንሣት ግን ትችያለሽ፤ ለዚያ ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ብትደውዪላት ይሻላል። ድምፅሽ ከተንቀጠቀጠ ይንቀጥቀጥ። ካልቻልሽ ጻፊላት። አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ "ያን ቀን ግሩፑ ላይ ስለ እናንተ በተለጠፈው ጥቅስ ሥር 'አሜን' ብያለሁ። ልክ አልነበርኩም። ስላንቺ የማምነው እንደዚያ አይደለም። ይቅርታ አድርጊልኝ። መልስ እንድትሰጪኝ ብዬ አይደለም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።" ከዚህ በላይ አትጨምሪ። "ግን እናንተም እኮ" የሚለው ምላስሽ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ዋጪው። ስለ ሒሳቡ፣ ስለ አገልጋዩ፣ ስለ አዳራሹ በዚያ ቀን አታንሺ። አሜኑን የጻፍሽው ደግሞ በብዙ ሰው ፊት ስለሆነ፣ አቅም ባገኘሽ ጊዜ እዚያው ግሩፕ ላይ አንድ መስመር ብትጽፊ ደስ ይለኛል፤ "ያንን ጥቅስ በወንድሞቼና በእህቶቼ ላይ አሜን ማለቴ ትክክል አልነበረም" ብትይ ይበቃል። ግን ለእሷ ከተናገርሽ በኋላ ይሁን፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማው።

ዝም ብትልሽስ? ልትል ትችላለች። አንቺ ዓመት ፈጅቶብሻል፤ ለእሷም ጊዜዋን ስጫት። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተጣልተው ሲለያዩ ማን ልክ እንደነበረ መጽሐፉ አይነግረንም። ከዓመታት በኋላ ግን ያው ጳውሎስ፣ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እናገኘዋለን። በመሃል ምን እንደተባባሉ አናውቅም። ዝምታዋ ከረዘመ ደግሞ ሁለታችሁንም የምትወድ አንዲት ሰው ፈልጊ። ጳውሎስ ኤዎድያንና ሲንጤኪን የተባሉ ሁለት ሴቶች ሲጣሉ እንዲሁ ነው ያደረገው። ለሁለቱም እኩል "እመክራለሁ" አለ፤ ከዚያ ሌላ ሰው በስም ሳይጠራ "እርዳቸው" ብሎ ለመነ። የተጣሉበትን ነገር እንኳ አልጻፈውም። እነዚህ ሁለት ሴቶች በወንጌል አብረውኝ ተጋድለዋል የሚለውን ግን ጻፈ። እናንተንም አብራችሁ የጸለያችሁበትን ዘመን የምታስታውስ ሰው አትጠፋም።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በእኔ አስተያየት አትፈርሚ። ይህን የምለው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ዋጋ ሊያስከፍልሽ ይችላል። ግን በአንድ "አሜን" አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሽ ሰው በፊርማ እንዴት ልትሆኚ ነው? ውሳኔው በመጨረሻ ያንቺ ነው። ባትፈርሚ ግን አካሄዱ ወሳኝ ነው። ስብሰባው ቀን ድረስ ጠብቀሽ፣ ወይ ተደብቀሽ ቀርተሽ፣ ወይ ሰው ፊት ተነሥተሽ አይሁን። ወረቀቱን አስቀድመሽ ጠይቂና በደንብ አንብቢው። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ የምታከብሪውን አንዱን ለብቻው አነጋግሪው። ማቴዎስ 18 ላይ ጌታ "አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ" የሚለው ለዚህም ይሠራል። እንዲህ በዪው፦ "ከዚህ ቤት አልወጣም፣ አገልግሎቴንም አልተውም። ክርስቲያኖችን ከፋፋይ በሚል ወረቀት ላይ ለመፈረም ግን ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። ይህን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት።" ፊቱ ከተፈታ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ "እነሱ የሚያምኗቸው ሁለት ሰዎች ባሉበት ሒሳቡ አብሮ ቢታይስ?"

ምናልባት መለያየትን የሚያነሣ ሰው ከተመከረ በኋላ ይራቅ የሚለውን የቲቶን ቃል ይጠቅስልሽ ይሆናል። እውነተኛ ቃል ነው፤ አትከራከሪው። ግን "አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ከገሠጽኸው በኋላ" ስለሚል፣ ተቀምጠን ሰምተናቸዋል ወይ ብለሽ በአክብሮት ጠይቂ። ከዚያ ዝም በዪ። ምናልባት በዚያ ቀን አይቀበልሽም። ግድ የለም።

ወደነሱ መሄድ የሚለውን አሁን አታንሺው። በንዴት የተለወጠ አዳራሽ ቁጣውንም ይዞ ይሄዳል።

ባለቤትሽን ደግሞ አትተዪው። "ዝም ብለሽ ፈርሚ" ሲልሽ ግድ የለሽ ሆኖ ነው ብለሽ አትቁጠሪው። እስቲ "ባልፈርም ምን ይደርስብናል ብለህ ነው የፈራኸው?" በዪው። ልጆቹ ጓደኞቻቸውን እንዳያጡ ይሆናል የሚያስበው። ወይም አንቺ እንዳትጎጂ። ፍርሃቱን ከሰማሽው አብሮሽ የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጸሎትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ሞክሪ። "ጌታ ሆይ፣ መልሳቸው" የሚለውን ለጊዜው ተዪው፤ በዚያ ጸሎት ውስጥ እኛ ልክ ነን የሚል ነገር አለበት። በምትኩ በስማቸው ጥሪያቸው። ጓደኛሽን፣ ከመድረክ የራቀውን አገልጋይ፣ የተቆጡትን ሽማግሌዎች። እዚያ አዳራሽ የሚያስተምረውን ሰው ዛሬ ባርከው በዪ። ያቺ መስመር ላይ ስትደርሺ አፍሽ ከተያዘ እዚያው ቁሚና ያስቸገረሽን ሰው ስም ጥሪ። ነገ እንደገና ትቀጥያለሽ።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። መጀመሪያ ለጓደኛሽ ደውዪ፤ ሽማግሌውን ከዚያ በኋላ አነጋግሪ፤ ይህም ከስብሰባው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይሁን። ከስብሰባው በኋላ ከደወልሽላት ፊርማ ስላልፈረምሽ ልትመሰገኚ የመጣሽ ይመስላታል። ከተቻለሽ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኩን አንሺ፤ የሆነውንም ጻፊልኝ።